ሰዎቹ የት ገቡ?

(በማታው የንባብ ጊዜ ለአዲስ አንባቢዎች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት ስለ ብሔራዊ ፓርክ የሚናገረውን ምዕራፍ አብረን አንብበን ነበር። ብሔራዊ ፓርክ ማለት ዛፉ እንዳይቈረጥ፥ አውሬው እንዳይታደን መንግሥት ከልሎ የሚያስጠብቀው ሰፊ ቦታ ነው ብዬ ነገርኳችሁ። ስሜን ተራራንና አዋሽን በምሳሌነት ጠቀስኩ። ያን ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አባት እጃቸውን አነሡና፥ «ልጄ፥ መልካም ብለሃል። ግን ቦታው ከመከለሉ በፊት እዚያ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች የት ገቡ?» ብለው ጠየቁኝ።

እውነቱን ልናገርና መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉ ስለ ዋልያውና ስለ ጭላዳው ይናገራል እንጂ ስለ ሰዎቹ አንድ መሥመር እንኳ የለውም። ጥያቄውን ይዤ ሄድኩ። ሳገላብጥ ሰንብቼ ይኸው ጥያቄ በግልጽ የተጠየቀበት አንድ ፓርክ አገኘሁ። ስሙ ካካዱ ይባላል፤ ያለውም በአውስትራልያ ነው። እኔ ቦታውን በእግሬ አልረገጥኩትም። ካነበብኩት፥ በፎቶግራፍና በፊልም ካየሁት ነው የምነግራችሁ። ስለዚህ ዛሬ በሐሳብ እንሄዳለን፤ ስንቅም አያስፈልገን። ዓመተ ምሕረቱን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ወደ እኛው ለመመለስ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ ነው። ሂሳቡን ስለተማራችሁ እናንተው ሥሩት።

አውስትራልያ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ያለች፥ ዙሪያዋን ባሕር የከበባት አገር ናት። ስፋቷ የኢትዮጵያን ሰባት እጥፍ ያህላል። ካካዱ ያለው በሰሜኗ ጫፍ፥ ዳርዊን ከምትባል ከተማ በስተ ምሥራቅ ነው። ስፋቱ ወደ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የእኛው የስሜን ተራራ ፓርክ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ነውና ካካዱ ከእርሱ ከአርባ እጥፍ በላይ ይሰፋል ማለት ነው። አገሩ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ይፋጃል። በአንድ ወገን ረጅም የድንጋይ ገደል እንደ ግንብ ተገትሮ ይታያል። ከገደሉ ሥር ሜዳና ጫካ አለ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ በዝናብ ጊዜ ባሕር የሚመስል፥ በደረቁ ጊዜ የሚሰነጣጠቅ ረግረግ ነው። ወንዞቹ አዞ የሞላባቸው ናቸው፤ አንዳንዱ አዞ አምስት ሜትር ይደርሳል። እዚያ እንስራ አዝሎ ዘው ብሎ ወንዝ መውረድ የለም።

የአገሩን የጥንት ሰዎች ፈረንጆች አቦርጂኖች ይሏቸዋል። ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበሩ ማለት ነው። አንድ ሕዝብ ግን አይደሉም። የእንግሊዝ ሰፋሪዎች በ1788 ወደ አውስትራልያ ሲመጡ አቦርጂኖች ከ250 የሚበልጡ ቋንቋዎች ይናገሩ ነበር። የካካዱዎቹ በሰሜን በኩል ያሉት ራሳቸውን ቢኒንጅ፥ በደቡብ በኩል ያሉት ሙንጉይ ይላሉ። እያንዳንዱ ጎሣ ከአባት የወረሰው ቦታ አለው። ርስት ብላችሁ ብታስቡት ወደ ነገሩ ትቀርባላችሁ። ልዩነቱ እነርሱ አያርሱም፤ ያድናሉ፥ ዓሣ ያጠምዳሉ፥ ሥራ ሥርና ፍሬ ይለቅማሉ።

ታዲያ ከመቼ ጀምሮ? በፓርኩ መሬት ተከቦ ማጀድቤቤ የሚባል የአለት መጠለያ አለ። ሊቃውንት ወለሉን ቈፍረው የተሳለ የድንጋይ ምሳር፥ ቀለም የሚሠራበት ቀይ አፈር፥ ወፍጮና መጅ አገኙ። በ2017 በወጣው ጥናታቸው ዕድሜውን ወደ 65,000 ዓመት ገመቱት። ቁጥሩ በዝቷል የሚሉ ሌሎች ሊቃውንት አሉ። ከዚያ ብዙ ዓመት ብንቀንስለት እንኳ መጁን የያዙት እጆች እጅግ ጥንታዊ እጆች ናቸው። እናቶቼ፥ መጅ ስል ፈገግ ስትሉ አየኋችሁ! አዎን፥ መጅ ነው።

አሁን ኡቢር ከሚባለው አለት ሥር ደርሰናል እንበል። ቀና ብላችሁ እዩ። ድንጋዩ ከላይ እንደ ጣራ ወጣ ብሎ ዝናብ ይከለክላል። ግድግዳው በቀይ፥ በነጭና በቢጫ አፈር ተስሏል። ዓሣ፥ ኤሊ፥ ካንጋሩ ይታያል። የዓሣው ሥዕል ግን የእኛ ሠዓሊ እንደሚስለው አይደለም። አጥንቱና የሆድ ዕቃው ሁሉ ከውጭ ይታያል፤ ሆስፒታል ውስጥ በራጅ የተነሣ ይመስላል። ልጆች ሥዕሉን እያዩ የትኛው ሥጋ ለመብል እንደሚሆንና እንዴት እንደሚበለት ይማሩበታል። ፊደል የሌለው መማሪያ መጽሐፍ በሉት።

ከፍ ብሎ ደግሞ ውሻ የሚመስል፥ ጀርባው ሸንተረር ያለበት አውሬ ተስሏል። ይህ አውሬ ከአውስትራልያ ዋና ምድር ከጠፋ ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ሠዓሊው በዓይኑ ያየው ቢያንስ ያን ጊዜ ነው። ጥቂት ዘወር ስንል ሱሪ የለበሰ፥ ሁለት እጆቹን ኪሱ ውስጥ የከተተ ነጭ ሰው እናያለን። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የመጣ አዳኝ ነው ይሉታል። እኔ ይህን ሥዕል በፎቶግራፍ ሳይ ሳቄ መጣ። ፈረንጆቹ ስለ አቦርጂኖች ስንት መጽሐፍ ጽፈዋል፤ አቦርጂኖቹም ፈረንጁን አይተው እጁን ኪሱ ከትቶ እንደ ቆመ አኖሩት።

ማቡዩ የሚባል ሰውም አለ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ማቡዩ ያጠመደውን ዓሣ በገመድ እየጎተተ ሲሄድ ስግብግብ ሰዎች ከኋላ ገመዱን ቈርጠው ሰረቁት። ማቡዩ ምንም አላለም። ሲመሽ ሌቦቹ ዓሣውን በልተው ዋሻቸው ውስጥ እስኪተኙ ጠበቀ። ከዚያ ትልቅ ድንጋይ አንከባሎ የዋሻውን አፍ ዘጋው። ጧት ማንም አልወጣም። ሽማግሌዎች ይህን ለልጆቻቸው የሚነግሩት ሥዕሉ አጠገብ ተቀምጠው ነው። ቅጣቱ ከጥፋቱ በዝቷል የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኔም ብያለሁ። ነገር ግን ዓሣ ሰርቆ የሰማውን ልጅ እንቅልፍ እንደሚነሣው አያጠራጥርም።

ከኡቢር በስተ ደቡብ በሌላ አለት ላይ ናማርጎን አለ። የመብረቅ ባለቤት ነው። በክርኖቹና በጉልበቶቹ ላይ የድንጋይ ምሳር አለው፤ ደመናውን በምሳር ሲመታው ነጎድጓድ ይሆናል ይላሉ። ልጆቹም ብርቱካናማና ሰማያዊ መልክ ያላቸው ፌንጣዎች ናቸው። እነዚህ ፌንጣዎች ብቅ የሚሉት የነጎድጓዱ ወራት ሲቃረብ ነው። ተረት ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ፌንጣውን ማየት ይቀርበታል፤ ፌንጣውን ያየ ግን ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ያውቃል።

ይህን ካነሣሁ ስለ ወቅቶቹ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ገበሬ የሚወደው ነገር ነውና። እኛ ዓመቱን መጸው፥ በጋ፥ ጸደይ፥ ክረምት ብለን በአራት እንከፍላለን። ሰሜን አውስትራልያ የሰፈሩት ነጮች በሁለት ከፈሉት፤ ዝናብና ደረቅ ብለው ተዉት። ቢኒንጆች ግን ስድስት ይላሉ። ቀኑንም የሚቈርጡት በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በምልክት ነው።

እኛ በጋ ስንሆን እዚያ ዝናብ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ጉጀውግ ይባላል። ውኃው ሜዳውን ይሸፍናል፤ እንደ ሰንበሌጥ ያለው ሣር ከሰው ቁመት ያልፋል፤ የዱር ዝዮች ረግረጉ ላይ እንቁላል ይጥላሉ፥ ሰውም እንቁላል ይለቅማል። ሚያዝያ አካባቢ ባንገረንግ ይመጣል። ኃይለኛ ዐውሎ ያንን ረጅም ሣር ወደ ምድር ያስተኛዋል። ከዚያ የጌ ነው፤ ጧት ጧት ጉም ይተኛል፥ የአንድ ዛፍ አበባ ይፈነዳል። ቀጥሎ ውርገንግ፥ የብርዱ ወራት። ቀጥሎ ጉሩንግ፥ ምድር የሚሰነጣጠቅበት ሐሩር፤ ዝዮቹ በቀሩት ኩሬዎች ዙሪያ ይታጨቃሉ፥ ሰውም ኤሊና የውኃ እባብ ከጭቃ ውስጥ ያወጣል። በመጨረሻ ጉኑመለንግ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ደመና ይከመራል፥ ነጎድጓድ ያጓራል፥ ሰዎችም በጥንቱ ጊዜ ከረግረጉ ተነሥተው ወደ አለቱ መጠለያ ይወጡ ነበር።

አሁን የየጌን አበባ አስታውሱልኝ። ያ አበባ ሲፈነዳ «እሳት ለቃችሁ ማቃጠል ጀምሩ» ማለት ነው። እንዴ! ጫካ ማቃጠል ጥፋት አይደለም ወይ? እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ነገሩ ያለው በጊዜው ነው። በየጌ ጊዜ ሣሩ ግማሹ ደርቋል፥ ግማሹ ገና እርጥብ ነው። እሳቱ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ማታ ጤዛ ሲወርድ ራሱ ይጠፋል። ዛፉን አይነካም። እዚህ ጥቂት እዚያ ጥቂት እያሉ ስለሚያቃጥሉ ምድሩ ዥንጉርጉር ይሆናል፤ አንዱ ቦታ የተቃጠለ፥ ሌላው ያልተቃጠለ። ሐሩሩ ሲመጣ መብረቅ ወይም የሰው ቸልተኝነት እሳት ቢያስነሣ፥ እሳቱ ከተቃጠለው ቦታ ሲደርስ የሚበላው ያጣል። በተቃጠለውም ቦታ ለጋ ሣር ይበቅላል፥ ካንጋሩ ሊግጥ ይመጣል፥ አዳኙም እዚያው ይጠብቀዋል። ሳያቃጥሉ ቢቀሩስ? የዓመቱ ሣር ሁሉ ተከምሮ ይደርቅና በሐሩሩ ጊዜ ሲቀጣጠል ትልልቁን ዛፍ ሳይቀር ይበላዋል።

ይህን ለምን አስረዘምኩት? ይህ ምድር ሰው ያልነካው ዱር አልነበረም ለማለት ነው። በእርሻ አልተነካም፤ በእሳት ግን በየዓመቱ ተይዟል። እንግሊዞች ሲመጡ አጥር አላዩም፥ ማሳ አላዩም፤ ስለዚህ መሬቱ የማንም አይደለም ብለው ወሰዱት። የአውስትራልያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህ አባባል ስሕተት መሆኑን የፈረደው ገና በ1992 ነው። ቍጠሩት፤ ከ1788 እስከ 1992።

በካካዱ በኩል ብዙዎቹ ሰዎች ከውጭ በመጣ በሽታ አለቁ። ከቀሩትም ብዙዎቹ ወደ ሚስዮንና ወደ ከብት እርባታ ጣቢያዎች ተሰበሰቡ። ሰው ሲመናመን የየጌው እሳት ቀረ፤ የሐሩሩ እሳት ተተካ።

ሌላም ጣጣ መጣ። እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ሥጋ እንዲሆናቸው የእስያ ጎሽ ወደ ሰሜኑ ጠረፍ አምጥተው ነበር። ሰፈሮቻቸውን ትተው ሲሄዱ ጎሹ ቀረ። ረባ፥ በዛ፥ ረግረጉን ሞላው። እየተንከባለለ፥ መንገድ እየቀደደ በጣፋጩ ውኃና በባሕሩ ውኃ መካከል ያለውን ተፈጥሯዊ ግድብ አፈረሰው። ጨው ገባ፤ ዛፎቹ ቆመው ደረቁ። ለቆዳ ንግድ ጎሽ የሚያሳድዱት ነጮች ነበሩ፤ ከሥራቸው ሆነው የሚገፉትና የሚደክሙት ግን አቦርጂኖች ናቸው። በመጨረሻ መንግሥት የከብት ነቀርሳን ለማጥፋት ባደረገው ዘመቻ በ1980ዎቹ ዓመታት ጎሹ በብዛት ተገደለ። ረግረጉም ማገገም ጀመረ። አሁንም ሌላ ችግር ተከተለ፤ ጎሽ ይግጠው የነበረው የረግረግ ሣር አድጎ ውኃውን ዘጋው፥ ዝዮቹ መዋያ አጡ። መፍትሔው ከየት መጣ ትላላችሁ? አንዱን ረግረግ የአገሩ ሰዎች በጥንቱ ሥርዓት ማቃጠል ጀመሩ፤ የሳይንስ ሰዎች ደብተር ይዘው ውጤቱን መዘገቡ። ውኃው ተከፈተ፥ ዝዮቹም ተመለሱ።

አሁን ወደ መሬቱ ጕዳይ ልግባ።

በ1966 ከካካዱ ወደ ደቡብ ርቆ በሚገኝ ትልቅ የከብት እርባታ ላይ ጉልበታቸው ሲበዘበዝ የኖረ የጉሪንጂ ጎሣ ሰዎች ሥራ አቆሙ። መሪያቸው ቪንሰንት ሊንጊያሪ ይባል ነበር። መጀመሪያ ስለ ደመወዝ ተባለ፤ ቀጥሎ «የምንፈልገው መሬታችንን ነው» አሉ። ዓመታት ፈጀ። በነሐሴ 1975 የአውስትራልያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ጎፍ ዊትላም ከቦታው ድረስ ሄዶ አፈር ዘግኖ በሊንጊያሪ መዳፍ ላይ አፈሰሰለት። መሬትህ ነው፥ ተቀበል ማለቱ ነበር። አባቶቼ፥ እኛ አገር የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። ሂሳቡን ብትሠሩ ያው 1975 ነው፤ ወራት ብቻ ይለያዩታል። አንዱ ስለ ሌላው የሰማ አይመስለኝም።

በዓመቱ፥ በ1976፥ ለሰሜኑ ግዛት አቦርጂኖች የመሬት መብት ሕግ ወጣ። ሕጉ የጥንት ባለርስት መሆኑን ያስረዳ ጎሣ መሬቱን ይቀበላል ይላል። ታዲያ በምን ያስረዱ? ወረቀት የላቸው፥ ማኅተም የላቸው! ዳኛው ከቦታው ድረስ ሄዶ ቃላቸውን ይሰማል። ሽማግሌዎቹም ይህ ኩሬ ስሙ እንዲህ ነው፥ ይህ አለት ታሪኩ እንዲህ ነው፥ እዚህ ያለው ሥዕል የእገሌ አባት ነው፥ እዚያ መግባት ለእኛ እንጂ ለነዚያ አልተፈቀደም እያሉ ይቈጥራሉ። ምድሩን በስም መቍጠር ማስረጃ ሆኖ ተመዘገበ።

ከእነዚህ ሽማግሌዎች አንዱ ቢል ናይጂ ነበሩ፤ የቡኒጅ ጎሣ ሰው። ጎሣቸው መሬቱን ካገኘ በኋላ ለፓርኩ እንዲውል በኪራይ እንዲሰጥ ካደረጉት አንዱ ናቸው። ያለ ጥበቃ ቢቀር ማዕድንና ጎብኚ ያጠፋዋል ብለው ነበርና። ቋንቋቸው ጋጉጁ ይባል ነበር። ካካዱ የሚለው የፓርኩ ስም የመጣው ከዚሁ ከጋጉጁ ነው። ነገር ግን በእርጅናቸው ጊዜ ያን ቋንቋ አጥርቶ የሚናገር ሌላ ሰው አልነበረም። በሥርዓታቸው ለማንም የማይነገር ትምህርት ነበራቸው፤ የሚቀበል ወጣት እየጠፋ ሲሄድ ከፊሉን ገልጠው ተናገሩ፥ ሌሎች ጻፉት፥ በ1985 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በ2002 አረፉ። ቋንቋው ከእርሳቸው ጋር ሄደ። ስሙ በመንገድ ሰሌዳው ላይ አለ፤ ተናጋሪው የለም። ይህን ባነበብኩ ማታ መብራቱን አጥፍቼ ብተኛም እንቅልፍ ቶሎ አልመጣልኝም።

ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረበት። በዚያው መሬት ውስጥ ዩራኒየም ተገኝቷል። ዩራኒየም ለኤሌክትሪክ ኃይልም ለአቶሚክ ቦምብም የሚውል ማዕድን ነው። ባለርስት ማዕድን አይወጣም የማለት መብት በሕጉ ተሰጥቶታል፤ ሬንጀር ለተባለው አንድ ቦታ ግን ይህ መብት አይሠራም ተብሎ ተጻፈ። የሚራር ጎሣ ሽማግሌ ቶቢ ጋንጋሌ ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸው አላስቆመውም። በ1978 ውል ተፈረመ፥ በ1979 ፓርኩ ታወጀ፥ ብዙም ሳይቈይ ማዕድኑ መውጣት ጀመረ። ፓርኩና የማዕድኑ ጕድጓድ መንታ ሆነው ተወለዱ ማለት ነው። በአንድ እጅ መስጠት፥ በሌላው እጅ መንጠቅ፤ ለእኔ ይህ አይዋጥልኝም። የሬንጀር ፋብሪካ ሥራ ያቆመው በጥር 2021 ነው።

ሁለተኛ ጕድጓድ ጃቢሉካ በሚባል ቦታ ሊከፈት ነበር። ይህን ጊዜ የቶቢ ጋንጋሌ ልጅ ወይዘሮ ኢቮን ማርጋሩላ የጎሣው መሪ ሆነው ተነሡ። በ1998 ከመላው አገር በሺህ የሚቈጠር ሰው መጥቶ መንገድ ዘጋ፥ ብዙ መቶ ሰው ታሰረ። ወይዘሮ ኢቮንም ተያዙ። ክሱ ምን ነበር መሰላችሁ? ያለ ፈቃድ ወደማይገባ ቦታ መግባት! በገዛ አባታቸው ርስት ላይ! ተፈረደባቸውም። ነገር ግን ጕድጓዱ አልቀጠለም፤ በ2003 ተመልሶ በአፈር ተሞላ። በ2024 መንግሥት የማዕድኑን ፈቃድ አላድስም ብሎ አስታወቀ።

አንድ ሰው ደግሞ አለ፤ ጄፍሪ ሊ ይባላል። የጆክ ጎሣ ዋና ባለርስት ነው፤ ሥራው የፓርክ ጠባቂነት ነው። በእርሱ ርስት ውስጥ ኩንጋራ የሚባል ቦታ አለ፤ ወደ 1,200 ሄክታር ይሆናል። ፓርኩ ሲከለል ይህን ቦታ ዘለውት ነበር፤ ዩራኒየም ስላለበት። የፈረንሳይ ኩባንያ ሊያወጣው ፈለገ። ሊ እሺ ቢል ከሀብታሞች ተራ ይቈጠር ነበር። እሺ አላለም። የአያቶቹ ቅዱስ ቦታ እንዲቈፈር አልፈለገም። የሚለምነውን ሁሉ እየመለሰ በጠባቂነት ደመወዙ ኖረ። በ2011 ጕዳዩን ይዞ እስከ ፓሪስ ሄደ፤ ቦታውም በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በ2013 ደግሞ ወደ ፓርኩ ተጨመረ። እኔ በዚያ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። ለመመለስ ቸኩዬ አላውቅም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። አባባ፥ ያቺን ጥያቄ የጠየቁኝ እርስዎ ነዎት፤ እዚያው ኋላ ተቀምጠው አይዎታለሁ። የካካዱ ሰዎች የት ገቡ? ከፊላቸው አለቁ። ከፊላቸው ተበትነው ተመለሱ። ዛሬ በፓርኩ ውስጥ በመቶ የሚቈጠሩ ቢኒንጆችና ሙንጉዮች በየመንደሩ ይኖራሉ፤ ያድናሉ፥ ዓሣ ያጠምዳሉ፥ አይከለከሉም። ከጠባቂዎቹም የእነርሱ ልጆች አሉበት። መሬቱ የእነርሱ ነው፤ መንግሥት ተከራይ ነው። የኪራይ ውል አለ፥ ኪራይ ይከፈላል። ፓርኩን የሚመራው ቦርድ ውስጥ የሚበዙት ባለርስቶቹ ናቸው። ግማሽ የሚያህለው መሬት ግን ለረጅም ዓመታት ሳይመለስ ቈይቶ የተመለሰው በመጋቢት 2022 ነው።

ሁሉ አልቆ ሁሉ ተስተካከለ ብዬ እንዳላታልላችሁ። በ2019 የፓርኩ አስተዳደር ጉንሎም በሚባል ፏፏቴ አጠገብ ለጎብኚ መሄጃ መንገድ ሠራ። መንገዱ ቅዱስ ከሆነ ቦታ በጣም ቀርቦ፥ የሚገባው ፈቃድ ሳይወጣ የተሠራ ነበር። የቦርዱ አብዛኛ ወንበር የባለርስቶቹ ሆኖ ሳለ ይህ ሆነ! ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አስተዳደሩ የመንግሥት ስለሆነ አይከሰስም የሚል ክርክር ተነሣ። በ2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይከሰሳል ብሎ ወሰነ፤ መቀጫም ተፈረደ።

የካካዱን ካርታ በትልቅ ወረቀት ገልብጬ ግድግዳው ላይ ሰቅያለሁ። ኡቢር፥ ኩንጋራ፥ ጃቢሉካና ጉንሎም በቀይ እስክሪብቶ ተጽፈዋል። መብራቱን ወደዚያ አዙሩልኝና ተራ በተራ እየመጣችሁ ስማቸውን አንብቡ። መጀመሪያ አባባ ይምጡ።